ስለ ግራፊክስ ካርድ አመጣጥና ለአሮጌ ኮምፒዩተር ስለሚደረግ ምርጫ

መግቢያ

በትምህርት ቤታችን የቴክኖሎጂ ክበብ አንድ ኮምፒዩተር አለ። ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት ከተሰናበተ በኋላ የተገዛ ሲሆን ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ተማሪዎቻችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር የቤትና የድልድይ ቅርጽ ይሠሩበታል፤ ቅዳሜ ደግሞ፣ መደበቅ አያስፈልግም፣ የኳስና የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ይጫወቱበታል። ባለፈው ዓመት ጨዋታው እየተንቀረፈፈ፣ ሥዕሉም እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ስለዚህ ከየኪሳቸው እያዋጡ ገንዘብ አጠራቀሙና አዲስ ግራፊክስ ካርድ እንድንገዛላቸው ለእኛ፣ ለክበቡ ኃላፊ መምህራን፣ አስረከቡን።

እኛም ገበያ ወጣን። ሻጩን «የቱ ይሻላል?» ብለን ጠየቅን፤ ገንዘባችን የቻለውን ትልቁን ካርድ አንሥተን ተመለስን። ካርዱ ግን ባለ 8 ፒን የኤሌክትሪክ ገመድ የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ፤ የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። መለወጫ ገመድ ፈልገን አገናኘነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጨዋታው ተከፍቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ግን ድርግም አለ። ሁለተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ገንዘባችን ጠፋ ማለት ነው?» ስትል ከመካከላችን የመለሰላት አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ይኸው ጥያቄ ነው። ስሕተታችን ካርዱን ለብቻው፣ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዕቃ መመልከታችን ነበር። የካርዱን ታሪክ ከመነሻው ስንከታተል ግን በየዘመኑ ሥራውን የያዘ አንድ ማነቆ እንደነበረ፣ ያም ማነቆ በተፈታ ቁጥር ሌላው በሌላ ቦታ ብቅ እንዳለ ተረዳን። አሮጌ ኮምፒዩተር ማለት ደግሞ እነዚህ ማነቆዎች በአንድነት ተሰብስበው የሚገኙበት ዕቃ ነው። እንግዲህ ታሪኩን በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደ ምርጫው እንመለሳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርድ ከመኖሩ በፊት

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ሥዕል ለመሣል የተፈጠሩ አልነበሩም። ሥራቸው ማስላት ነበር፤ ውጤቱንም በቁጥርና በፊደል በወረቀት ላይ ያትሙ ነበር። ሆኖም በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ፒዲፒ-1 በተባለ ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ሁለት የጠፈር መርከቦች በአንድ ኮከብ ስበት እየተጎተቱ እርስ በርሳቸው የሚታኮሱበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ቀላል ይምሰል እንጂ የሚጫወቱበት ኮምፒዩተር ዋጋ 120,000 ዶላር ነበር። በ1963 ደግሞ በዚያው ተቋም አይቫን ሰዘርላንድ ለዶክትሬት ማሟያው «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ። በዚህ ፕሮግራም ሰው በብርሃን ብዕር ስክሪኑን እየነካ መስመርና ክብ መሣል ቻለ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ እርምጃ የተገኘው በዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሄንሪ ጉሮ በ1971 ከጠፍጣፋ ገጾች የተሠራ ቅርጽ ለስላሳ መስሎ እንዲታይ ብርሃኑን ቀስ በቀስ የማዳረስን ዘዴ አሳየ። ኤድ ካትሙል በ1974 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ አንድን ሥዕል በቅርጽ ላይ እንደ ልብስ የማልበስን ዘዴ ገለጸ፤ እንዲሁም የትኛው ነገር ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ነጥብ ርቀቱን መዝግቦ የመለየትን ዘዴ አብራራ። ዛሬ ማንኛውም የጨዋታ ካርድ በሴኮንድ በብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ዕውቀቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነበር። ያልነበረው ርካሽ ሜሞሪ ነው። በስክሪን ላይ የሚታዩትን ፒክስል የሚባሉ ነጥቦች ቀለም አንድ በአንድ መዝግቦ የሚይዝ ሜሞሪ በዚያን ዘመን እጅግ ውድ ነበር። የመጀመሪያው ማነቆ እንግዲህ የሜሞሪ ዋጋ ነበር።

የተከፈተው መሰኪያ

በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒዩተር ስምንት መሰኪያዎች ነበሩት። አይቢኤም ነሐሴ 12 ቀን 1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው የግል ኮምፒዩተርም አምስት መሰኪያዎች ይዞ መጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አይቢኤም የመሰኪያውን አሠራር በመጽሐፍ አትሞ ለሕዝብ ማቅረቡ ነው። ከዚህም የተነሣ የአይቢኤም ሠራተኛ ያልሆነ ማንኛውም ባለሙያ ለዚያ መሰኪያ የሚስማማ ካርድ ሠርቶ መሸጥ ቻለ። ዛሬ አንድ ተማሪ የአሮጌ ኮምፒዩተሩን ኬዝ ከፍቶ የአንዱን ኩባንያ ካርድ በሌላው ኩባንያ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው በዚያ ዘመን በተጀመረው አሠራር ነው።

የምርጫው ችግርም በዚያው ዕለት ተወለደ ማለት ይቻላል። አይቢኤም ሁለት ዓይነት ካርድ አቅርቦ ነበርና። አንደኛው ጽሕፈት ብቻ የሚያሳይ ነበር፤ በአንድ ገጽ 25 መስመር፣ በየመስመሩም 80 ፊደላት ጥርት አድርጎ ያወጣል። ሁለተኛው ሲጂኤ የተባለው የቀለም ካርድ ነበር። ይህኛው ሥዕል ያሳያል፤ ጽሕፈቱ ግን እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ አልነበረም። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ «ኮምፒዩተሩን ለምን ሥራ እፈልገዋለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነበረበት።

የሲጂኤን ችሎታ ተማሪዎች በቀላሉ ሊያሰሉት ይችላሉ። ካርዱ በአግድም 320፣ በቁም 200 ነጥቦች ያሳያል፤ ሲባዛ 64,000 ነጥብ ይሆናል። አንዱ ነጥብ ከአራት ቀለሞች አንዱን እንዲይዝ 2 ቢት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠቅላላው 128,000 ቢት ወይም 16,000 ባይት ነው። በካርዱ ላይ የነበረው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት፣ ማለትም 16,384 ባይት ነበር። አራት ቀለም ብቻ የሆነው መሐንዲሶቹ ቀለም ስላልወደዱ አይደለም። ሜሞሪው ከዚያ በላይ አይይዝም ነበር።

በዚህ ዘመን የተፈጸመ አንድ ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል። በጽሕፈት ብቻ የሚሠሩት ካርዶች በውስጣቸው የተቀረጹ 256 ምልክቶች ነበሯቸው፤ ከእነዚያ ውጪ የሆነ ፊደል ማሳየት አይችሉም ነበር። ቫን ሱዋናኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ የዶክትሬት ጽሑፉን በታይ ፊደል ለመጻፍ ፈልጎ ስላልተቻለው፣ ጥርት ያለ ጽሕፈትንና ሥዕልን በአንድነት የሚያሳይ ካርድ ሠራ። በ1982 የተቋቋመው ኸርኩሊስ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚህ ካርድ ነው። ካርዱ 720 በ348 ነጥብ የሚያሳይ ሲሆን በየአገሩ ተሠራጨ። የእኛንም ፊደል ብንቆጥር 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል የላቲኑን ሁሉ ቢያስወጣ እንኳ በዚያ የ256 ሣጥን ውስጥ አይገባም ነበር። ፊደላችንን በስክሪን ላይ ለማየት እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ የሚሥል ካርድ ያስፈልግ ነበር። ፊደሉ በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። እንግዲህ ግራፊክስ ካርድ የጨዋታ ዕቃ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው ኮምፒዩተር ሥዕል መሣል ስለ ተማረ መሆኑን ያስታውስ።

መንገዱ ሲጠብ

ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ ካርዶች እየተሻሻሉ መጡ። በ1984 ኢጂኤ በ640 በ350 ነጥብ 16 ቀለሞችን አሳየ። በ1987 ቪጂኤ 640 በ480 ነጥብ በ16 ቀለም፣ ወይም 320 በ200 ነጥብ በ256 ቀለም አቀረበ። በዚህን ጊዜ ግን ሌላ ማነቆ ብቅ አለ። ይኸውም ከፕሮሰሰሩ ወደ ካርዱ የሚወስደው የመረጃ መንገድ ነው።

ይህንንም በሒሳብ እንመልከተው። 640 በ480 ሲባዛ 307,200 ነጥብ ነው። ለአንዱ ነጥብ አንድ ባይት ብንመድብና ሥዕሉ በሴኮንድ 30 ጊዜ እንዲታደስ ብንፈልግ፣ በየሴኮንዱ 9,216,000 ባይት ወደ ካርዱ መጓዝ አለበት። አይኤስኤ የተባለው የዘመኑ መሰኪያ ግን በአንድ ጉዞ 2 ባይት ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ቢበዛ በሴኮንድ 8 ሚሊዮን ባይት ያህል ያደርስ ነበር። የካርዱ ሜሞሪ ቢሰፋ፣ ፕሮሰሰሩም ቢፈጥን፣ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሥዕሉ መዘግየቱ አይቀርም።

ስለዚህ መንገዱ በየጊዜው ተለወጠ። በ1992 የወጣው ፒሲአይ 4 ባይት በአንድ ጊዜ፣ በሴኮንድ 33 ሚሊዮን ጊዜ በማሳለፍ 132 ሚሊዮን ባይት ያህል አደረሰ። በ1997 ለግራፊክስ ካርድ ብቻ የተመደበ ኤጂፒ የተባለ መሰኪያ ገበያ ላይ ዋለ። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታውን ያዘ። ይህ የመጨረሻው ከቀደሙት የሚለይበት አንድ ታላቅ ጥቅም አለው። መንገዱ ሌን በሚባሉ ትይዩ መስመሮች የተከፈለ ነው፤ የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ እስከ 16 መስመር ይይዛል። የመጀመሪያው ትውልድ በ16 መስመር በሴኮንድ 4 ጊጋባይት በአንድ አቅጣጫ ያስተላልፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየትውልዱ እጥፍ ያህል እየሆነ ሄዷል። አዲስ ካርድ በአሮጌ መሰኪያ ላይ ይገባል፤ የሚሠራው ግን በአሮጌው መሰኪያ ፍጥነት ነው። የኤጂፒ ዘመን ኮምፒዩተር ያለው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ መሰኪያው ራሱ የተለየ ቅርጽ ነውና።

የሦስት ማዕዘን ዘመን

በ1993 መጨረሻ «ዱም» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ አዳራሽና መተላለፊያ ይሣል የነበረው በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነበር። ካርዱ የተሰጠውን ሥዕል ተቀብሎ ወደ ስክሪን ከማስተላለፍ በቀር ብዙ አይረዳም ነበር። ማነቆው አሁን ፕሮሰሰሩ ሆነ። መፍትሔውም ከዩታ የተገኘውን ሒሳብ ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ለካርዱ መስጠት ነበር።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው። ምክንያቱን ማንኛውም የጂኦሜትሪ መምህር ያውቀዋል። በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል ብቻ ይወስናሉ፤ አራተኛው ነጥብ ሲጨመር ገጹ ሊጣመም ይችላል። ሆኖም ይህ ምርጫ ያለ ትግል አልጸናም። በ1993 በጄንሰን ሁዋንግ፣ በክሪስ ማላቾውስኪና በከርቲስ ፕሪየም የተመሠረተው ኤንቪዲያ በ1995 ያወጣው ኤንቪ1 የተባለ የመጀመሪያ ውጤቱ በሦስት ማዕዘን ሳይሆን በተጠማዘዙ ገጾች የሚሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን በ1996 ዳይሬክት3ዲ የተባለውን የፕሮግራም መገናኛ በሦስት ማዕዘን ላይ ተመሥርቶ አወጣ። ጨዋታ የሚሠሩት ሰዎች ያንን ሲከተሉ የኤንቪዲያ ካርድ ገበያ አጣ፤ ኩባንያውም ሊፈርስ ተቃረበ። ያዳነው አካሄዱን ለውጦ በ1997 ያወጣው ሪቫ 128 የተባለው ካርድ ነው።

በዚያው ወቅት ገበያውን የመራው በ1994 የተመሠረተው 3ዲኤፍኤክስ ነበር። በ1996 ያወጣው «ቩዱ» የተባለው ካርድ ተራውን የኮምፒዩተር ገጽ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ተጠቃሚው ከነበረው ካርድ አጠገብ ይሰካውና ሁለቱን በገመድ ያገናኛል። ጨዋታ ሲከፈት ብቻ ቩዱ ሥራውን ይረከባል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዝነኛ የጨዋታ ካርድ አሮጌውን ሳያስወግድ አሮጌውን ተደግፎ የሚሠራ ነበር። ይሁን እንጂ 3ዲኤፍኤክስ በኋላ ካርድ የሚያመርት ሌላ ኩባንያ ገዝቶ ቺፑን ለሌሎች አምራቾች መሸጥን ተወ፤ አዲሶቹ ካርዶቹም ዘገዩ። በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተገደደ። ኤንቪዲያ በ1999 ጂፎርስ 256ን ሲያወጣ «ጂፒዩ» የሚለውን ስያሜ አስፋፋ። በ1985 በካናዳ የተመሠረተው ኤቲአይ ደግሞ በ2006 በ5.4 ቢሊዮን ዶላር በኤኤምዲ ተገዛ።

ከዚህ የምንማረው ካርድ ያለ ሶፍትዌር ብረትና ፕላስቲክ ብቻ መሆኑን ነው። ኤንቪ1 የወደቀው ስላልሠራ ሳይሆን የሚያናግረው ፕሮግራም ስላጣ ነው። ዛሬም ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ድራይቨር የተባለው አገናኝ ሶፍትዌር መታደሱን መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ ያህል ኤንቪዲያ ኬፕለር ለተባለው ትውልድ መደበኛውን የጨዋታ ድራይቨር ማደስ ያቆመው በ2021 ነው።

ከጨዋታ ወደ ላቦራቶሪ

በ2001 የወጣው ጂፎርስ 3 ፕሮግራም ጸሐፊዎች በካርዱ ላይ የራሳቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች እንዲያሠሩ ፈቀደ። በ2006 የጂፎርስ 8800 ትውልድ መጣ፤ በ2007ም ኤንቪዲያ ኩዳ የተባለውን መሣሪያ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ሥዕል ያልሆነ ሒሳብ ሁሉ የሚሠራ ሆነ። በ2012 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢሊያ ሱትስኬቨርና ጂኦፍሪ ሂንተን ሥዕሎችን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሲያስተምሩ የተጠቀሙት እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላቸው ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነው። እነዚህም ለጨዋታ የተሸጡ ካርዶች ነበሩ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው ዘርፍ መስፋፋት ይህ ሥራ አንዱ መነሻ ሆኗል።

ይህ ግን በተራው ገዢ ላይ ጫና አምጥቷል። ካርዱን ለጨዋታ የሚፈልገው ልጅ ከሌሎች ብዙ ፈላጊዎች ጋር መወዳደር ግድ ሆነበት። በተለይ ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ካርዶች በብዛት ሲገዙና የወረርሽኙም ጊዜ አቅርቦቱን ሲያውከው ዋጋው ከልክ በላይ ወጣ። ኢቴሪየም የተባለው መረብ መስከረም 2022 የአሠራር ዘዴውን ሲለውጥ ለዚህ ሥራ ሲያገለግሉ የነበሩ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ስንገዛ ማራገቢያው ሳይንገጫገጭ መዞሩን፣ በጨዋታ ላይ ለግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ መቆየቱን ገንዘብ ሳንከፍል ማየት ይገባናል።

ኤሌክትሪክና ሙቀት

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ደረስን። የቀድሞዎቹ ካርዶች የሚፈልጉትን ኤሌክትሪክ ከመሰኪያው ብቻ ያገኙ ነበር። ካርዶች እየበረቱ ሲሄዱ ይህ አልበቃም። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ባለ 16 መስመር መሰኪያ ለካርድ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት ይጨምራል። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ብቻውን 450 ዋት የሚጠቀም ነው።

የእኛ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ 300 ዋት ነበር፤ ይህም ለፕሮሰሰሩ፣ ለዲስኩና ለሌላው ክፍል ሁሉ የተመደበ ነው። መለወጫ ገመዱ ገመድን ከገመድ ያገናኛል እንጂ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም። ፓወር ሰፕላዩ ያን ያህል ገመድ ብቻ ይዞ መሠራቱ ከዚያ በላይ እንዳንጭንበት የተሰጠን ምልክት ነበር፤ እኛ ግን ምልክቱን እንደ እንቅፋት ቆጥረን አለፍነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእኛ ነው።

ስለ ምርጫው

በሁለተኛው ጊዜ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን ማነቆዎቹን አንድ በአንድ መረመርን። የደረስንበትን ቅደም ተከተል ለአንባብያን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የዘገየው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒዩተር መሐንዲስ በ1967 እንዳመለከተው፣ የአንድን ሥራ ከፊል ብቻ ማፍጠን የሚሰጠው ጥቅም ባልተሻሻለው ክፍል የተገደበ ነው። አንድ ሥዕል ለማውጣት ፕሮሰሰሩ 20 ሚሊሴኮንድ፣ ካርዱ 40 ሚሊሴኮንድ ይፈጃሉ እንበል። ሁለቱ እየተቀባበሉ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱን የሚወስነው የሚዘገየው ነው። 1,000 ለ40 ሲካፈል በሴኮንድ 25 ሥዕል ይሆናል። ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ብንገዛ 20 ሚሊሴኮንድ ይፈጃልና 50 ሥዕል እናገኛለን። አራት እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ብንገዛ ግን ካርዱ በ10 ሚሊሴኮንድ ጨርሶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል፤ አሁንም 50 ነው። ለተጨማሪው ገንዘብ ያገኘነው ምንም ነው። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ መፈተን ይቻላል። የጨዋታውን የነጥብ ብዛት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ የዘገየው ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ወይም ሜሞሪው ነውና አዲስ ካርድ ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩን ማንበብ ነው። ዋቱ በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ የገመዱንም ዓይነት በዐይን ማየት ይቻላል። ተጨማሪ ገመድ ከሌለ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ መፈለግ ይገባል። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 እና በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ሆኖም አንዳንድ አምራቾች በእነዚሁ ካርዶች ላይ የገመድ መሰኪያ ስለሚጨምሩ ስሙን ብቻ ሳይሆን ካርዱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ መንገዱን ማወቅ ነው። በ2022 የወጣው አርኤክስ 6400 የሚፈልገው 53 ዋት ብቻ ስለሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን የሚጠቀመው 16 ሳይሆን 4 መስመር ብቻ ነው። በአራተኛው ትውልድ መሰኪያ ላይ ይህ አይጎዳም፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ግን መንገዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪው ሲሞላ ደግሞ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። እንዲሁም በ2022 የወጡት የኢንቴል አርክ ካርዶች ሙሉ ችሎታቸውን የሚያሳዩት ሪሳይዘብል ባር የተባለው አሠራር ባለበት ማዘርቦርድ ላይ ነው፤ ይህም በአብዛኞቹ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ የለም። አዲስነት ብቻውን መመዘኛ እንዳልሆነ ከእነዚህ ምሳሌዎች እንረዳለን።

አራተኛ፣ ሶፍትዌሩን መጠየቅ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚገኝበት ፓስካል የተባለው ትውልድ መደበኛ የጨዋታ ድራይቨር መታደሱ እንደሚያበቃና የደኅንነት ማስተካከያው ብቻ እስከ 2028 እንደሚቀጥል ኤንቪዲያ በ2025 አስታውቋል። ስለዚህ ዋጋቸው ከተቀራረበ ከእርሱ በኋላ የመጣውን መምረጥ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ቦታውንና ገመዱን መለካት ነው። የኬዙን ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ከካርዱ ርዝመት ጋር ማስተያየት፣ የስክሪኑንም ገመድ ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። አሮጌ ስክሪን የቪጂኤ ገመድ ብቻ ካለው፣ አዳዲሶቹ ካርዶች ያን መሰኪያ አይዙምና መለወጫ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ክበባችን በዚህ ዓይነት ሲመረምር ኮምፒዩተሩ ሁለት ችግር እንዳለበት ተገኘ። ሜሞሪው አንድ ፍልጥ 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ካርዱም በእርግጥ አርጅቷል። ትልቁን ካርድ ከገዛንበት ዋጋ በታች ሸጥነው። ጉድለቱን እኛ መምህራኑ ከኪሳችን ከፈልን፤ ስሕተቱ የእኛ እንጂ የተማሪዎቹ አልነበረምና። በተገኘው ገንዘብ ፓወር ሰፕላዩን ተካን፤ ሁለተኛ የሜሞሪ ፍልጥ ጨመርን፤ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ካርድም በሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ሲሠራ ካየን በኋላ ገዛን። ገበያ ስንወጣ ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማስመሪያና ደብተር ይዛ አብራን ሄደች፤ ሻጩን አራት ጥያቄ የጠየቀችውም እርሷ ነበረች።

ኮምፒዩተሩ ዛሬ አዲስ አልሆነም። ጨዋታው በመካከለኛ ደረጃ፣ የብሌንደርም ሥራ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ለክበባችን ይህ ይበቃል። ብዙዎቹ የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት እንደማይችሉ እናውቃለን። ስለዚህ አሮጌውን አውቆ መጠገን እንደ አንድ ትምህርት ሊቆጠር ይገባዋል። ተማሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማነቆውን መፈለግ ከተማረ፣ ትምህርቱ ከካርድ አልፎ ለሌላም ነገር ያገለግለዋል።

የክፍል ውይይት ጥያቄዎች

1. 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ሥዕል ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢፈልግ ስንት ባይት ይሆናል? በሲጂኤ ካርድ ሜሞሪ ውስጥ ስንት እጅ ይበልጠዋል?

2. ፕሮሰሰሩ 25 ሚሊሴኮንድ፣ ካርዱ 30 ሚሊሴኮንድ ቢፈጁ፣ ካርዱን በሁለት እጥፍ ፈጣን ካርድ መተካት ፍጥነቱን ከስንት ወደ ስንት ያሳድጋል? ገንዘቡ ለምን ቢውል ይሻላል?

3. አይቢኤም የመሰኪያውን አሠራር በምስጢር ይዞ ቢሆን ኖሮ የዛሬው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምን ይመስል ነበር?

4. በትምህርት ቤታችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር መርጣችሁ የፓወር ሰፕላዩን ዋት፣ የመሰኪያውን ዓይነትና የኬዙን ስፋት መዝግቡ፤ ከዚያም ማነቆው የቱ እንደሆነ በቡድን ተወያዩ።